ገመዱ የቀደመው ጨዋታ

ስሟን ብጠራ «የእኔይቱን አገር ነው የሚያማው» ብሎ የሚቆጣ ስለማይጠፋ፣ ሳልጠራት የማልፋት አንዲት አገር ነበረች። በመካከሏ ወንዝ ይፈሳል። ከወንዙ ወዲህ ያለው ታች ሰፈር፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው ላይ ሰፈር ይባላል። ታች ሰፈር የተወለደ ወይን ጠጅ መቀነት ይታጠቃል፤ ላይ ሰፈር የተወለደ ሰማያዊ። ሕፃን እትብቱ ሳይደርቅ መቀነቱ ይታሰርለታል፤ ሲሞትም ከነመቀነቱ ይቀበራል። ሃይማኖቱን የለወጠ፣ ሚስቱን የፈታ፣ አባቱን የካደ ሰው በዚያች አገር ታይቷል። መቀነቱን የለወጠ ግን አልታየም።

በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር፣ ሁለቱ ሰፈሮች ኳስ ይጋጠማሉ። የተሸነፈው ሰፈር እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ለቤተ መንግሥቱ ቅጥር ድንጋይ ይሸከማል። ያሸነፈው እጁን አጣምሮ ተሸካሚውን ይመለከታል፤ ካሰኘውም ይሰድባል፤ ስድቡ በሕግ የተፈቀደ ነው። ቅጥሩ መቼ እንደተጀመረ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። መቼ እንደሚያልቅ የጠየቀም የለም፤ የሚጠየቀው «ዘንድሮ ማን ያሸንፋል?» ብቻ ነበር።

ጨዋታው ያለ ሹም አይካሄድም። ዳኛው ሊቀ ፉጨት ይባላል፤ ዐይኑን ብቻ በሚያሳይ ሻሽ ተሸፍኖ ከቤተ መንግሥት ይወጣል፤ ስሙም ሰፈሩም አይታወቅም። የጩኸት ሹም የሚባል አለ፤ በየረድፉ ፊት፣ በርጩማ ላይ አንድ ገበቴ ውሃ ያስቀምጣል። ግብ ገብቶ ሕዝቡ ሲጮኽ ውሃው ካልተንቀጠቀጠ፣ ያ ረድፍ «ልቡ ሌላ ጋ ነው» ተብሎ ይጻፋል። የእንባ መርማሪ የሚባልም አለ፤ ከሽንፈት በኋላ ነጭ ጨርቅ ይዞ በተሸናፊው መካከል እየዞረ የእያንዳንዱን ጉንጭ ይጠርጋል። ጨርቁ ያልረጠበለት ሰው በማግስቱ ይጠራና «ሰፈርህ ተሸንፎ ካላለቀስክ፣ በስውር ለማን ስትጸልይ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ በዚያች አገር ሰው ከሜዳ ሲመለስ መንገዱን አያይም፤ የጎረቤቱን ጉንጭ በጎን እያየ ነው የሚሄደው።

ደባልቄ የታች ሰፈር ሰው ነው፤ ሥራው ኮርቻ መስፋት። ታች ሰፈር ዐሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ ተሸንፎ ስለነበር፣ እሱም ዐሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ድንጋይ ሲሸከም፣ ከሰዓት በኋላ ኮርቻ ሲሰፋ ኖሯል። ትከሻው እንደ በቅሎ ጀርባ ተገጥቧል። ከሸክሙ ይልቅ ግን የሚጎዳው ተስፋው ነበር። በየዓመቱ ከጨዋታው በኋላ «ከእንግዲህ ኳስ ያየሁ እንደሆነ ከውሻ ቁጠሩኝ» ብሎ ይምላል። ሳምንት ሙሉ እህል አይቀምስም። ሚስቱ አንጓች ጎረቤት ስትጠይቃት «ምን ላርገው፣ ሐዘን ተቀምጦብኛል» ትላለች። በሁለተኛው ወር ድንጋይ ሲሸከሙ አንዱ ጠጋ ብሎ «ያ አዲሱ አጥቂያችን እኮ ግራ እግሩ ብረት ነው አሉ» ይለዋል።

«እስቲ ተወኝ» ይላል ደባልቄ።

ዐሥር እርምጃ ይሄዱና፣ «ግራ እግሩ ነው ያልከኝ?» ይላል።

በቃ፣ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በሕልሙም በውኑም ያ ግራ እግር ነው።

እንዲህ የሚብስበት ምክንያት ነበረው። አባቱ አያ ይመኑ በወጣትነታቸው የታች ሰፈር አጥቂ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ከባዶው በር ፊት ለፊት ኳስ አግኝተው ሳቱ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩ «ሳተው» ብሎ ጠራቸው። «ላይ ሰፈር የወደዳት ልጅ ነበረችው፤ ለእሷ ብሎ ነው» የሚልም አልጠፋም። አያ ይመኑ መልስ ሰጥተው አያውቁም፤ ሜዳውንም ዳግመኛ አልረገጡም። ደባልቄ «የሳተው ልጅ» እየተባለ አደገ። ስለዚህ ሌላው ሰው አንዴ ሲጮኽ እሱ ሁለቴ ይጮኻል፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ስለ አባቱ። እሱ ባለበት ረድፍ የገበቴው ውሃ መንቀጥቀጥ አልፎ ይፈስ ነበር።

በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ ለጨዋታው ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ ደባልቄ የአንድ በቅሎ ኮርቻ ጠግኖ ለባለቤቱ ሊያደርስ ወንዙን ተሻገረ። የበቅሎዋ ባለቤት አለቃ ሰጥአርጌ ናቸው፤ ለቅጥሩ መሬት የሚለኩ፣ ሊቀ ገመድ የሚባሉ ሹም። ያገኛቸው ላይ ሰፈር፣ ከሰዎች ደጃፍ ፊት፣ ካስማ አስተክለው ረጅም ገመድ ሲዘረጉ ነው።

«አለቃ፣ ቅጥሩ ወደዚህ ዞረ እንዴ?» አለ ደባልቄ ኮርቻውን እያወረደ።

«ዞረ። በናንተ በኩል ያለው አበቃ። እንግዲህ ድንጋዩ ከዚያ ገደል ሥር ይወጣል።»

«ኧረ! ከታች ሰፈር እዚያ ገደል ድረስ እኮ ወንዝ ተሻግሮ ዳገት ነው። በምን ትከሻችን?»

«እናንተን ማን አላችሁ?» አሉ አለቃ ዐይናቸውን ከገመዱ ሳያነሱ። «ላይ ሰፈሮች ይሸከሙታል። ደጃፋቸው አይደል?»

ደባልቄ ካስማዎቹን በዐይኑ ቆጠረ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አለቃ፣ ጨዋታው እኮ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል» አለ።

የአለቃ ሰጥአርጌ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ቀና አሉና ግራ ቀኙን ቃኙ። ካስማ የሚተክሉት ሠራተኞች ራቅ ብለው ነበር።

«ኮርቻው መልካም ነው» አሉ። «እጅህ ይባረክ። አሁን ወደ ሰፈርህ ሂድ፤ ደስ ብሎህም ሂድ። ዐሥራ አንድ ዓመት የለመንከውን ሰምተህ ፊትህ እንዲህ ከጠቆረ፣ ያየህ ሰው ምን ይላል?»

ደባልቄ ወንዙን ሲሻገር ውሃው የት ድረስ እንደደረሰበት አላወቀም። መቁጠር ጀመረ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቅጥሩ የተሠራው በታች ሰፈር በኩል ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ታች ሰፈር ተሸነፈ። ከዚያ በፊት ቅጥሩ በላይ ሰፈር በኩል ሲሄድ ታች ሰፈር በየዓመቱ ያሸንፍ ነበር፤ ያኔ እሱ ጎረምሳ ነው፤ ትዝ ይለዋል። አባቱ ሳቱ የተባለበት ዓመትስ? ያም ቅጥሩ ከላይ ወደ ታች የዞረበት ሌላ ዓመት ነበር። ከወንዙ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ላሸናፊነት ዐሥራ አንድ ዓመት ተርቦ፣ እንጀራው ሲቀርብለት ትል ያየበት ሰው ሆነ።

ከዚያ ቀን በኋላ የሚያምነው ነገር ጠፋ። ተጫዋቾቹ ሲለማመዱ ሄዶ አየ፤ ያ ባለ ግራ እግር ሲስቅ «ይሄ ያውቃል» አለ። ሌላው ሲያዝን «ይሄም ያውቃል» አለ። አንጓች ለአዲስ ወይን ጠጅ መቀነት ጥጥ ስትፈትል «ለምን ዘንድሮ? ምን ሰምታ ነው?» ብሎ ጠረጠራት። ዐሥራ አንዱን ዓመት ሙሉ በየተራ አስታወሰ፤ «ለጥቂት» ያሉት ሁሉ፣ «አሁንስ ገባ» ያሉት ሁሉ፣ በላዩ ላይ ገመድ ተዘርግቶበት ታየው።

እሱ ሰውን ሲጠረጥር፣ ሰውም እሱን ይጠረጥር ነበር። አንድ ቀን የረድፋቸው አለቃ ከሱቁ ደጃፍ ቆመ።

«ደባልቄ፣ ዘንድሮ ኳስ አታነሳም» አለው።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«አምናም ሥራ ነበረህ። ከላይ ሰፈር ስትመለስ ከታየህ ወዲህ ድምፅህ ጠፋ ይላሉ። እኔ አላልኩም፤ ይላሉ ነው ያልኩህ።» ቆየት ብሎም ጨመረ፦ «የአባትህን ነገር ሰው አልረሳውም።»

ይህ ቃል ነው ደባልቄን ወደ አባቱ የገፋው። አያ ይመኑ የጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ጠፍር ያከራሉ። ደባልቄ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ የገመዱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው።

አያ ይመኑ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ለማን ነገርክ?» አሉ።

«ለማንም።»

«ለአንጓችስ?»

«ለእሷም አልነገርኩ። አባባ፣ ነገሩ የገባዎት አልመሰለኝም። ያኔም ቢሆን ተቆርጦ ያለቀ ነገር ነበር ማለት እኮ ነው! ቢያገቡትም አይጸድቅም ነበር። ሰው ሁሉ ይህን ይወቅ። ከእንግዲህ ማንም ሳተው አይልዎትም።»

«አልሳትኩም» አሉ አያ ይመኑ።

«እ?»

«ኳሷ ገብታ ነበር። በግራ ቋሚው ሥር ገብታ ከበሩ በስተኋላ ሣሩ ላይ ስትቆም በዐይኔ አይቻለሁ። አቧራ ተነሥቶ ስለነበር ከእኔ፣ ከበረኛቸውና ከሊቀ ፉጨት በቀር ያየ የለም። ሊቀ ፉጨት መጣና በእግሩ ገፋ አድርጎ አወጣት። ‘ወጥታለች’ አለ።»

ደባልቄ ወደ አባቱ ጠጋ አለ። «ታዲያ ሠላሳ ዓመት ምነው ዝም አሉ?»

«ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ወደ ሰዉ ዞር ስል ሁሉም ያለቅሳል። እያለቀሰም ‘ግድ የለም፣ ለከርሞ’ ይላል። ፉጨቱ ውሸት ነው ብዬ ብነግረው ከርሞውን ልነጥቀው ነው። ድንጋዩ እንደሆነ አይቀርለት። ከርሞ የሌለው ሰው ድንጋይ እንዴት ይሸከማል? አንድ ሰው ሳተ ቢባል ይሻላል ብዬ አፌን ዘጋሁ።»

«እኔስ? የሳተው ልጅ እየተባልኩ ሳድግስ?»

አያ ይመኑ ጠፍሩን ማክረር ቀጠሉ።

ቆይተው፣ «ዝም ማለቴ ደግ ይሁን ክፉ እስከ ዛሬ አላወቅኩትም» አሉ። «አንተ የመሰለህን አድርግ። ከጨዋታው በፊት ግን አትናገር። ሊያሸንፍ ያለን ሰው ውሸት ነው ብለህ አታሳምነውም።»

ደባልቄ አባቱን ተሰናብቶ ሲወጣ ሊኮራባቸው ይገባ ነበር። እሱ ግን እሳቸውንም ጠረጠረ። ለሕዝቡ አዝነው ነው ዝም ያሉት? ወይስ ፈርተው? ወይስ ያቺ የላይ ሰፈር ልጅ በእርግጥ ነበረች?

የጨዋታው ቀን ደረሰ። ደባልቄ እጁን አጣምሮ፣ አፉን ገጥሞ ሊቀመጥ ከራሱ ጋር ተማምሎ ሄደ። የረድፉ አለቃ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ኳሱን ሳይሆን እሱን ለማየት ነው። ገበቴው ፊታቸው ተቀምጧል። ደባልቄ ዐይኑን ከሊቀ ፉጨት አላነሳም። ላይ ሰፈሮች ኳስ ይዘው ሲገቡ ፉጨት ይሰማል፤ ታች ሰፈሮች ሲገፉ ፉጨት የለም። «ይኸው» አለ በልቡ። «ይኸው። ይኸው።» እስከ መጨረሻው ድረስ ግን ግብ አልገባም። ሕዝቡ ደክሞ ጸጥ ሲል፣ ኳስ የአንድ ላይ ሰፈሬን ትከሻ ነክታ አለፈች። ሊቀ ፉጨት ነፋ። «በእጁ ነካ!» አለና ወደ በሩ ጠቆመ። ባለ ግራ እግሩ ኳሷን አስተካክሎ አስቀመጠ።

«ውሸት ነው» አለ ደባልቄ። ይህን ያለው ጮክ ብሎ ነው፤ በዚያ ሁካታ ግን ማንም አልሰማውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ ራሱ በቅጡ አያስታውሰውም። ኳሷ ስትገባ አየ። ቀጥሎ የሚያስታውሰው በረድፉ አለቃ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ በእንባ ታጥቦ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ሲጮኽ ነው። ገበቴው ከነውሃው መሬት ላይ ተገልብጧል። የረድፉ አለቃ አንገቱን አቅፎ ይስመዋል፤ «ማረኝ ወንድሜ፣ ጠርጥሬህ ነበር!» ይለዋል። ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ ከማንም በላይ ጮኸ።

ቤቱ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ግቡ የሐሰት ነው፤ ደስታው ግን የሐሰት አልነበረም። ያስፈራውም ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ታች ሰፈሮች እንደ ሕጉ በወንዙ ዳር ተደርድረው ተቀመጡ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀሙትን ስድብ ማውረድ ያዙ። ማዶ ላይ ሰፈሮች ከገደሉ ሥር ድንጋይ ያወጣሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይሸከሙ ኖረው ሸክም ረስተዋል። አንድ እንደ ደባልቄ ያለ ጎልማሳ፣ ጨርቁን በተሳሳተ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ ሹሉን የድንጋይ ጎን ወደ አንገቱ አዙሮ ሲወጣ ደሙ በደረቱ ይወርዳል። ታች ሰፈሮች ሳቁ። ደባልቄ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ግን ትከሻው አመመው። ተነሥቶ ወንዙን ተሻገረና የሰውዬውን ድንጋይ ከወዲህ በኩል ያዘ።

ሰውዬው ዋኘው ይባላል። ደባልቄን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ መቀነቱ ላይ ሲደርስ ዐይኑ ቆመ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ልረዳህ። ሹሉን ወደ ውጭ አዙረው፤ ጨርቁንም በዚህ በኩል።»

«አንተን አውቅሃለሁ። ቅዳሜ ገበቴውን የደፋኸው አንተ ነህ። ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝ።»

«ማንም ካልላከህማ ከሁሉም የባስክ ነህ» አለ ዋኘው። ድንጋዩን ግን አልለቀቀም፤ ደባልቄም አልለቀቀም።

የድንጋይ ሹም ሮጦ መጣ። መጽሐፉን ገለጠ። የተሸነፈ ሰው ድንጋይ ቢጥል ምን እንደሚሆን ተጽፏል፤ ያሸነፈ ሰው ድንጋይ ቢሸከም ግን የሚል የለም። ስለዚህ ለደባልቄ፣ «ባለህበት ቁም» አለው። «እንዳትራመድ፤ መሸከም ይሆናል። እንዳታወርደውም፤ መጣል ይሆናል።» ድንጋዩን ለብቻው አሸክሞት ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። ደባልቄ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ። ላይ ሰፈሮች በአጠገቡ ሲያልፉ ሰላይ ነው ብለው ምራቃቸውን ተፉ። ታች ሰፈሮች ከማዶ «ድሮም የሳተው ልጅ!» አሉት። በቀትር ፍርዱ ወጣ። የድንጋይ ሹም አነበበው፦ «ያሸነፈ ሰው ድንጋይ ከተሸከመ፣ ሽንፈት ምን ሊባል ነው? ይህ ጥያቄ በሕዝብ መካከል እንዳይነሣ፣ ደባልቄ ይመኑ ዕድሜ ልኩን ወደ ሜዳ እንዳይገባ ታግዷል።»

ከዚያ በኋላ ደባልቄ ያወቀውን ለሰው ሁሉ ተናገረ፤ የሚያጣው አልነበረውም። ግማሾቹ «ውሸታም» አሉት። ግማሾቹ ደግሞ በጥሞና ሰምተውት ሲያበቁ፣ «እና ምን ይሁን? አሸንፈን የለም እንዴ?» አሉት። ከሁለቱ ይህኛው ባሰበት። አንጓች ብቻ ሥራዋን አቁማ፣ «ታዲያ እነዚያ ዓመታት ያለቀስኩት በከንቱ ነው?» አለችው።

«ለቅሶሽስ የእውነት ነው» አላት።

ዓመቱ ዞረ። የጨዋታው ቀን ሲደርስ ደባልቄ ቤት መቀመጥ አቃተው። አዲሱ ቅጥር ከፍ ብሎ ሜዳውን በላይ ሰፈር በኩል ጋርዶታል። ወደዚያ ሄደና ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ፣ ሜዳ ሳያይ የሜዳውን ድምፅ እየሰማ ተቀመጠ። ጨዋታው ሲጋመስ አንድ ሰው ከሜዳው ወጥቶ በቅጥሩ ጥግ ብቅ አለ። ዋኘው ነው። ፉጨት ሳያልቅ ሜዳ ለቆ መውጣት በዚያች አገር ያስጠይቃል።

ራቅ ብሎ ተቀመጠ። «ገመዱ ዘንድሮም የተዘረጋው በኛ ደጃፍ ነው» አለ።

«አይቼዋለሁ» አለ ደባልቄ።

«አንተ ባልከው ከሄድን፣ እንሸነፋለን ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ይህን እያወቅህ እዚህ ምን ትሠራለህ? የምታየው የለ።»

«አንተስ? እያወቅህ ለምን ገባህ?»

ዋኘው መሬቱን በጣቱ ጫረ። ደባልቄን በጎን አየው፤ ገና አላመነውም። «ምናልባት ብዬ ነዋ» አለ በመጨረሻ።

ደባልቄ ሊመልስለት ሲል ከቅጥሩ ወዲያ ጩኸት ፈነዳ። ድንጋዩ ጀርባቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱም ሳያስቡት ብድግ አሉ፤ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ተያዩ።

«የማን ነው?» አለ ዋኘው። «የናንተ ነው የኛ?»

ደባልቄ ጆሮውን ከድንጋዩ ጋር አጣብቆ አዳመጠ። ወዲያ ማዶ ሕዝብ ይጮኻል፤ ድምፅ መቀነት የለውምና የማን እንደሆነ ሊለየው አልቻለም። ሁለቱም እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ።